የድልድዩ ሁለት ሰዓት

ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ቀኝ እጁ ግን ከአልጋው ሥር በሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ነው። ከድንገተኛ ክፍል የደወለችው ነርስ ይህን ስትናገር ድምጿ አንዴ ብቻ ተሰበረ። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ ተደርጎ ተቀምጧል። አናጢ ነው፤ የቆረጠው የእንጨት መጋዝ ነው። ከአንጓው ላይ ንጹሕ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ እንዲህ ያለው ይገጠማል። ስምሪቷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ቆንጥጣ «በስንት ሰዓት?» አለች።

«አንድ ተኩል ላይ።»

የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከአሥር ይላል። አርባ ደቂቃ ሄዷል።

በግቢው ውስጥ ከበላይ ኃላፊው እስከ ዘበኛው ሁሉም ስምሪቷ ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አምቡላንስ በየት በኩል ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ስትናገር ኖራለች። ስትናገርም «ይመስለኛል» የሚባል ቃል ከአፏ አይወጣም። ይህ ጠባይዋ አንዳንዱን ያናድዳል፤ ሾፌሮቹን ግን ያረጋጋቸዋል።

እጅ የሚገጥም ሐኪም በዚህ ከተማ የለም። ያለው በወዲያኛው ከተማ ነው፤ አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ። ነርሷ ቀድማ ደውላለት ነበርና ያለውን ቃል በቃል ነገረቻት። ከተቆረጠ አሥር ሰዓት እስኪሞላው ድረስ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምትልኩልኝ እጅ ሳይሆን ሥጋ ነው፣ ብሏል። ስምሪቷ በደብተሯ ጠርዝ ላይ «11፡30» ብላ ጻፈችና ሁለቴ አሰመረችበት።

ስልኩን ሳትዘጋው የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ራሱ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ በዚህች ክፍል በር ሲገባ ጎንበስ ማለቱን ይረሳና ግንባሩን ይላጋል። ዛሬ አልረሳም። በቀጥታ ሄዶ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የርቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ ፊት ቆመ፤ በጣቱ እየተከተለ እስከ ስድስተኛው መስመር ወረደ። በአየር ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ በመንገድ አሥር ሰዓት ይላል።

«አሁኑኑ ቢነሱ እንኳ መሽቶ ነው የሚገቡት» አለ። «አለቀ። የሰባት ሰዓቱን አውሮፕላን ያዢላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ጋ ይሆናሉ።»

«ዶክተር፣ ሠንጠረዡ ይዋሻል።»

«ማነው ያዘጋጀው?»

«እኔ።»

ዶክተሩ ዞር ብሎ አያት። ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ከተሞች አምቡላንሶች ከጥንት ጀምሮ በሽተኛ የሚለዋወጡት በመንገዱ እኩሌታ ላይ ባለው ድልድይ ነው። ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ከዚህ፣ ሁለት መቶ አርባ ከዚያ። የዚህኛው ሾፌር በሽተኛውን እስከ ድልድዩ ያደርሳል፣ የወዲያኛው ተረክቦ ይመለሳል፤ ማንም ድልድዩን አይሻገርም። ወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ እኩልነት የለም። መሬቱ ግን ወረቀቱን አላነበበም። ከዚህ እስከ ድልድዩ ሜዳ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ከድልድዩ ወዲያ ተራራ ነው፣ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ሁለቱ መኪኖች እኩል ሲነሱ የሜዳው ቀድሞ ይደርስና ሁለት ሰዓት ሙሉ ድልድዩ አፍ ላይ ተገትሮ የተራራውን ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ በየጉዞው መዝገብ ሲገባ፣ ሲገባ፣ ሠንጠረዡ ሲሠራ የመንገዱ ርዝመት ሆኖ ቁጭ አለ። ከአሥሩ ሰዓት ሁለቱ መንገድ አይደለም፤ ሾፌር ቁጭ ብሎ ጥፍሩን የሚቆርጥበት ጊዜ ነው። ስምሪቷ ይህን የደረሰችበት ባለፈው ክረምት፣ የድሮ መዝገቦችን ስታገላብጥ ነበር። ያን ዕለት በራሷ አፍራ ፊቷ ጋለ። ደብዳቤ ጻፈች፤ ደብዳቤው የነዳጅና የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

«ዛሬ ድልድዩን እንሻገራለን» አለች። «የእኛ መኪና ሽቅብ ይወጣል፣ የእነሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ የተገናኙበት ላይ ይለዋወጣሉ። ስምንት ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው። ሁለት ተኩል ላይ ተነሥተው አሥር ተኩል ላይ ይገባሉ።»

«አውሮፕላኑ ዘጠኝ ላይ ያገባቸዋል እያልኩሽ!»

«ከመጣ። ከወዲያ መጥቶ ነው ከዚህ የሚነሳው። ዘንድሮ ከአሥር ቀን ሦስቱን ዘግይቷል ወይም ቀርቷል፤ ጽፌዋለሁ። እስከ ሰባት ጠብቀን ካልመጣ መንገዱም አብሮ አመለጠን። ያኔ ተቀምጦ ሣጥኑን ማየት ነው።»

«ሰባቱን ቀን ግን ይነሳል።»

«ይነሳል።»

«ታዲያ?»

«መንገድ ላይ ችግር ቢመጣ ሰው አለኝ፤ ደውዬ መላ እፈልጋለሁ። አየር ላይ ላለው ለማን እደውላለሁ?»

ዶክተሩ የዛሬውን ሳይሆን የሌሎቹን ቀኖች ምት የሚያስታምም ይመስል ግንባሩን አሸ። «በአንቺ ፊርማ ነው» አለ በመጨረሻ።

«በእኔ ፊርማ ነው።»

ከዚያ ለማዶ ደወለች። ማዶ የምትለው የወዲያኛውን ከተማ የስምሪት ሠራተኛ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ተነጋግረዋል፣ ልጆቹ ሲያስሉ ከሳላቸው ለይታ ታውቃቸዋለች፣ መልኩን ግን አይታው አታውቅም።

«ማዶ፣ መኪናህ አሁን ይነሳ። ድልድዩ ላይ አይደለም የምንገናኘው። ተራራው ላይ ነው።»

«ተራራው ላይ የት?»

«የተገናኘንበት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «አለቃዬ ይገድለኛል እኮ።»

«የእኔም ይገድለኛል። አንድ ላይ ይቀብሩናል።»

«አንዴ እንኳ ሳንተያይ?» አለና ሳቀ፤ ከሳቁ ኋላ ግን ለሾፌሩ «ተነስ፣ ተነስ!» ሲል ተሰማት።

ስምሪቷ ወደ ግቢው ወረደች። እንዲህ ማድረግ ልማዷ አይደለም። አምቡላንሱ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል፤ ሾፌሩ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ልጆቹ የሚሆኑት ሾፌሮች ከኋላው አይቸኩሌ ይሉታል፤ ቀልዳቸው ነው እንጂ ከእሱ ቀድሞ የገባ ግን የለም። ነገሩን ስትነግረው ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ከድልድዩ ወዲያ መንገዱን አላውቀውም፣ እህት ዓለም።»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። ስልኩን አብራዎት የምትሄደው ነርስ ትያዝልዎት፤ እኔ አብሬዎት ነኝ።»

አናጢውን እያስገቡት ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዐይኑ ግን ክፍት ነው። የታሰረ ክንዱን ሳይሆን ጣሪያውን እያየ «መስኮቱን አጋምሼ ነው የተውኩት» አለ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ሚስቱ ሣጥኑን በሁለት እጇ ታቅፋ ከኋላው ቆማለች። ጣውላውን ከወዲያ ጫፍ ይዛለት የነበረችው እሷ ናት፤ የእንጨቱ ብናኝ እስከ አሁን ቅንድቧ ላይ አለ።

«አውሮፕላን አለ ብለውኛል» አለች። «ሃምሳ አምስት ደቂቃ።»

«አለ። የሚነሳው ግን ሰባት ሰዓት ነው፤ ከተነሳ። ይህቺ አሁን ትነሳለች።»

«ያንቺ ባል ቢሆንስ?»

«በዚችው መኪና እልከው ነበር።»

«በእጁ ነው የሚኖረው» አለች ሴትየዋ። «እኔም፣ ልጆቹም፣ ሁላችንም በእሱ እጅ ነው የምንኖረው።» ከዚያ ሣጥኑን ለማንም ሳትሰጥ ወጥታ ተቀመጠች። ሁለት ተኩል ሲል መኪናዋ ከበሩ ወጣች። ስምሪቷ ደረጃውን ወጥታ ክፍሏ ገባች፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ደብተሯን ገለጠች።

የሜዳው ሦስት ሰዓት በሰላም አለፈ። ሌሎች ጥሪዎች መጡ፤ አንዲት ምጥ የያዛት፣ አንድ ከመሰላል የወደቀ። ሁሉንም በየቦታው ላከች። አምስት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ቆምን» አለ አይቸኩሌ።

«ለምን?»

«እግሬ ነው የቆመው፣ እኔ አይደለሁም። ድልድዩን ሲያይ ፍሬን ያዘ።» በእውነት የተደናገጠ ድምፅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይለፉ።»

ስልኩ ውስጥ ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ ከዚያ የድልድዩ ብረት ከጎማው ሥር ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። ተሻግሯል።

ባለ ካሬ ደብተሯን ፊቷ ዘረጋች። ተራራው ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የወዲያኛው ሾፌሮች የተማረሩበት ጉድጓድ፣ የዘገዩበት መታጠፊያ፣ የተቀያየሙበት ጠባብ መንገድ ሁሉ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። «የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀኙን ይያዙ፤ ግራው ተበልቷል» አለችው። «ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ነው፣ እዚያ ይርገጡት። ነጭ ቋጥኝ ሲያዩ ማርሽ ይቀንሱ፤ ከጀርባው ያለው ዳገት ከሩቅ አይታይም።»

ትንሽ ቆይቶ «ነጩ ቋጥኝ አለ» አለ፤ ልክ ጠፍቶበት የነበረ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው። «መቼ ነው ያየሽው?»

«አይቼው አላውቅም።»

«ኧረ?»

«ሲረግሙት ሰምቼ ነው። አሁን ማርሽ ይቀንሱ።»

እንዲህ እያሉ ወጡ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲል ግን በሌላው ስልክ ማዶ ደወለ፤ አሁን ቀልድ በድምፁ ውስጥ አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና ጠባቡ መታጠፊያ ላይ በጎኑ ተኝቶ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘግቶታል። የእሱ አምቡላንስ ከላይ በኩል ደርሶ ቆሟል። ማንሻ እስኪመጣ እስከ ማታ ድረስ ምንም አያልፍም። ስምሪቷ እርሳሷን በደብተሩ ላይ አደረገች፤ የአይቸኩሌ መኪና ከታች በኩል እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። ዐይኗን ጨፍና ያላየችውን መታጠፊያ አየችው፤ አንድ መኪና ከላይ፣ አንድ መኪና ከታች፣ መሃሉ ላይ የወደቀው።

«ማዶ፣ ሰው ያልፋል?»

«በእግር? በእግር ያልፋል።»

«ሾፌርህ መኪናውን አዙሮ ፊቱን ወደ ቤት ያድርግ። ከዚያ አልጋውን የሚሸከም ሰው ይሰብስብ። የቆሙት የጭነት ሾፌሮች ሁሉ ሥራ ፈት ናቸው፤ እሺ ይሉታል።»

ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አይቸኩሌ ከቆመው የመኪና ሰልፍ ጭራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በነርሷ ስልክ ውስጥ በጆሮዋ ነው ያየችው። የኋላ በር ሲከፈት። «ቀስ! ጭንቅላቱን ከፍ!» የሚል ጎርናና ድምፅ። የብዙ ጫማ ኮቴ በጠጠር ላይ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። አንዱ «ተቀበለኝ፣ ክንዴ አለቀ» ሲል ሌላው «ምን በላህና ያልቃል!» ይለዋል፤ ሳቅ ይሰማል፤ ከሳቁ መሃል ያቺ ሴት «ሣጥኑን አልሰጥም፣ እኔው እይዘዋለሁ» ስትል ትሰማለች። ስምሪቷ ያለችበትን ረስታ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ነበር።

ልክ በዚያ ሰዓት መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰባት ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ ከከተማው ዳርቻ ካለው ሜዳ ተነሥቶ፣ በጠራው ሰማይ ላይ ወደ ተራራው አቅጣጫ ሲያዘነብል በመስኮቱ ታየ። አንዲት ደቂቃ አልዘገየም።

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየችውም። «በሰዓቱ ነው የተነሳው» አለ። የክፋት አይደለም፤ ሐዘን ነበረበት።

«አየሁት።»

«በእሱ ቢሄዱ ሁለት ሰዓት ይቀድሙ ነበር።»

«ይቀድሙ ነበር።»

ዶክተሩ ሄደ። ስምሪቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ፈራች፤ አዎ፣ ፈርታለች። ያ ሰው መስኮቱን ሳይጨርሰው ቢቀር በዚህች ወንበር ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ አሰበች። ከዚያ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ታውቀው ወደነበረው ነገር ብቻ ተመለሰች፤ ከእሱ ላይ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ፣ አንድ በአንድ አየችው። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው በሌላ ሣጥን ቢመጣ ያንኑ ታደርጋለች። ይህን ስታውቅ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ስልኩን አነሣች።

ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሕመምተኛው፣ ሚስቱና ሣጥኑ በማዶ መኪና ውስጥ ነበሩ። አይቸኩሌ ሸክሙን ለቆ፣ እያለከለከ፣ «እህት ዓለም፣ ይኸውልሽ፣ ተራራሽን ረገጥኩት» አላት። የቀረው ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት የማዶ ሾፌር ነው፤ በልጅነቱ በዚያ ተራራ ላይ ያደገ፣ መንገዱን ዐይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው ነው አሉ። እሷ ከእንግዲህ ማድረግ የምትችለው ነገር የለም። ይህ ከሁሉ ከበዳት። ሌሎች ስልኮችን እያነሣች፣ ሌሎች መኪኖችን እየላከች፣ በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን ሰረቅ አድርጋ እያየች ቆየች።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ማዶ ደወለ።

«ገቡ።»

አንዲት ቃል ብቻ ናት። እጁ ከተቆረጠ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ስምሪቷ ጻፈችው፤ ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠች። ተረኛው የማታ ሠራተኛ ገብቶ ኮቱን ሰቅሏል፤ እንድትሄድ ጠበቀ፣ አልሄደችም። ስልኩ እንደገና ሲጠራ እሱ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ ቀደመችው።

«አንቺ ነሽ በመንገድ የላክሽን?»

የአናጢው ሚስት ናት። ድምጿ ደርቋል።

«እኔ ነኝ።»

«አውሮፕላኑን አየሁት። ሣጥኑን እንደታቀፍኩ፣ እዚያ ጠጠር ላይ ቆሜ፣ በራሴ ላይ አለፈ። ረገምኩሽ።»

«እኔም ሲነሳ አይቼዋለሁ።»

«ቀርቶ ቢሆን አመሰግንሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩን የዘጋ የለም። ከወዲያ በኩል የሚንከባለል ጋሪ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ሐኪሙ ሣጥኑን ከእጄ ተቀብሎ ከፍቶ አየና ‹ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው› አለኝ» አለች ሴትየዋ። «ሌላ ምንም አላለም። ይዘውት ገቡ። በሩ ተዘጋ። ከዚህ በኋላስ ስንት ሰዓት ነው?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣችበት ቀን የለም፤ ሰው ገና ጠይቆ ሳይጨርስ ሰዓቱ ከነደቂቃው ከምላሷ ይወርዳል።

«አላውቅም» አለች ስምሪቷ።

«የምታውቂ መስሎኝ።»

«እኔ እስከ በሩ ድረስ ነው የማውቀው።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ላይ፣ ምናልባት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በቀስታ ስትቀመጥ ተሰማ። «እዚህ ማንንም አላውቅም» አለች። «ማውራት አያስፈልግም። ብቻ አትዝጊው።»

ስምሪቷ ወንበሯን ለተረኛው ለቀቀችለት። የስልኩን ገመድ እስከሚደርስ ስባ መስኮቱ ሥር ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ከወዲያ፣ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት፣ አንድ ሰው በኮሪደሩ ሲመጣ ኮቴው ተሰማ። ኮቴው ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከዚያ አልፎ ሄደ።

«አለሁ» አለች ስምሪቷ።